ያላመኑኝ ሕመም

ሆሳዕና ከተማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሞርሲቶ ከመጣ አንድ ልጅ ጋር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳው ሲመጣ ሁለታችንንም ይዘው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከተቱን።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ እየበላሁ ሳለ ግራ ቆለጤን ድንገት ጨምድዶ ያዘኝ። የበላሁትን አስመለሰኝ። ወዲያው አበጠ፤ ሱሪዬ ሲነካው እንኳ እጮሃለሁ።

ክፋቱ፣ ያን ሰሞን ከአፈሳ ለማምለጥ ግማሹ ወጣት «ቡአ አለብኝ» ባይ ነበር። የተያዙትን የሚመረምረው ድሬሰር ሱሪዬን እንኳ ሳያስወልቀኝ፣ «አንተም ቡአ ወጣብህ? ዘመቻ ሲባል ሁሉም ከወገቡ በታች ይታመማል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ብቻዬን ነበርኩ፤ እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ጓደኛዬ ብቻ አልሳቀም። «ኧረ ልጁ ሊሞት ነው!» እያለ በሩን ሲደበድብ ዋለ። ጠባቂው በሰደፍ መታው፤ እሱ ግን አላቆመም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጩኸቱ ሲሰለቻቸው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ዶክተሩ ዳሰሰኝና «መቼ ጀመረህ?» አለ።

«ትናንት ጠዋት።»

ሰዓቱን አየ። «ቆለጥህ በተንጠለጠለበት ጅማት ላይ ዞሮ ደም ተቋርጦበታል። በአምስት ስድስት ሰዓት ውስጥ ብትደርስ ፈትቼ አተርፈው ነበር። ይኼ ሕመም ነገ የሚባል አይደለም» አለኝ። የሞተውን አወጣው፤ ደህነኛውም እንዳይዞር ሰፍቶ አጸናው። «በአንዱም ትወልዳለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወልጃለሁ።

አልጋ ላይ እንዳለሁ ጓደኛዬን ወደ ጦር ማሠልጠኛ የጫነው መኪና ሄደ። እኔን ከዘመቻው አስቀሩኝ፤ ድኜ ስመለስ ያቺ ጠባብ ክፍላችን ሰፋችብኝ። ደብዳቤ ስጠብቅ ከረምኩ፤ አልመጣም።

አንድ የገበያ ቀን እናቱ መንገድ ላይ አስቆመችኝ። «አንድ ላይ አልነበር የያዟችሁ? አንተ እንዴት ቀረህ?» አለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት፤ እንዴት አድርጌ ያንን ልጥራላት? አፈርኩ።

«ሆዴን አሞኝ ነው» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «የእኔ ልጅ ደግሞ ውሸት አያውቅበትም» አለችና ዘንቢሏን አንስታ ሄደች። ልጇ ስለ እኔ መመታቱን ሳልነግራት ቀረሁ።