የድንች ጆንያዬና የየሻረግ መዝገበ ቃላት

ባለፈው ጥር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ልጄ ብርቱካን ቤት ጎራ አልሁ። ብርቱካን እዚሁ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ናት። ገና በሩን ሳልፍ ከባሏ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው።

«አንተ ካልነካኸው ማን ነካው? ግድግዳው ነው የነካው?»

«ኧረ በስመ አብ! ኮምፒውተር እኮ ዝም ብሎም ይታመማል» ይላል ባሏ ደሳለኝ፣ ገና ድክ ድክ የምትለውን የልጅ ልጄን በአንድ ክንዱ ታቅፎ።

የተማሪዎቿን የመንፈቅ ዓመት ውጤት የምትሞላበት ፕሮግራም አልከፈት ብሏት ኖሯል፤ ውጤቱን ደግሞ በማግሥቱ ማስረከብ አለባት። ሕፃኗን ተቀበልሁና መነጽሬን አድርጌ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልሁ። ቀይ ክብ፣ በውስጡ ነጭ የኤክስ ምልክት፣ ከጎኑ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፤ በጽሑፉ መሀል ደግሞ «ዲ ኤል ኤል» በሚሉ ሦስት ፊደላት የሚያልቅ፣ ለአፍ የማይመች ስም። ያን መልእክት አውቀዋለሁ።

«ደሳለኝ፣ ሰሞኑን ከዚህ ላይ ያጠፋኸው ፕሮግራም አለ?»

«አንድ የፊልም ማጫወቻ ነበር እማማ። ቦታ ይዞ ቢያስቸግረኝ ትናንት አጠፋሁት።»

«ስታጠፋው የጠየቀህ ነገር የለም?»

«እንጃ… የሆነ ነገር ጠይቆኛል መሰለኝ። እሺ፣ እሺ እያልሁ አለፍሁት።»

«በል መልሰህ ጫነው። የሷ ፕሮግራም የሚሠራበትን ፋይል አብረህ አጥፍተህባት ነው።»

ጫነው። የብርቱካን ፕሮግራም ተከፈተ። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ አየችኝ። «እማዬ! አንቺ ይኼን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«የሻረግ የምትባል ልጅ ናት ያስተማረችኝ» አልኋት። ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን ከዚያ ይረዝማል።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የተዳርሁት፤ ፊደል ግን አልጠላኝም። ጋሽ አድማሱ የሚባሉ፣ በመሥሪያ ቤት ታይፒስትነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው በዋናው መንገድ ዳር የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ከፍተው ነበር። የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና አስተማሩኝ፤ ኋላም ቀጠሩኝ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ። የከተማችን ነፋስ በበሩ እየገባ እንዳይበትንብን በየወረቀቱ ክምር ላይ ድንጋይ እንጭን ነበር። አንድ ቀን ጋሽ አድማሱ ከባሕር ዳር ያገለገለ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ሙሉውን መንገድ ጭናቸው ላይ አድርገው መጡ። በሳምንቱ የሻረግን ቀጠሩ።

የሻረግ የእስቴ ልጅ ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ደብረ ታቦር ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምራለች። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛው ጥሏት ደግማ ልትፈተን በማታው ክፍል ትማር ነበር። አባቷ «ራስሽን ከቻልሽ ቆዪ፣ ካልቻልሽ ተመለሽ» ብለው ነው የሰደዷት። ስለዚህ ሥራው ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ይኸን ገና በመጀመሪያው ሳምንት አጫውታኛለች። አላውቅም ነበር ለማለት አልችልም።

ኮምፒውተሩ አንድ፣ እኛ ሁለት። ጠዋት የኔ ተራ፣ ከሰዓት የሷ ሆነ። አጠቃቀሙን ያስተማረችኝም እሷ ናት። «ማውሱን እንደ እንቁላል ያዢው እታለም፣ እንደ ዶማ አትጨብጪው!» እያለች በሳቅ ትፈርስ ነበር። እኩለ ቀን ላይ እኔ ከቤት ያመጣሁትን ቅቅል ድንች በድቁስ፣ እሷ ከእናቷ የተላከላትን ዳቦ ቆሎ አቅርበን ከአንድ ሳህን እንበላለን።

እኔ በባሕርዬ አድልዎ አልወድም። ቦኖ ውኃ ላይ ተራ የሚያልፍ ካየሁ ጀሪካኑን አንሥቼ ከሰልፉ መጨረሻ አስቀምጠዋለሁ፤ ባለጀሪካኑ ቄስም ይሁን ካድሬ ግድ የለኝም። ያን ሰሞን የእድራችን ዕቃ ተቆጣጣሪም ነበርሁ። አንዲት ጎረቤቴ የእድሩን ጭልፋ እጀታ ሰብራ ደብቃ ስትመልስ በማኅበሩ ፊት አስነሥቼ አናዝዣታለሁ። ሰው ሁሉ «ጥሩዬ ለፍርድ አታዳላም» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምን ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ፣ በአንድ ጆንያ የዘር ድንች ነው። ከገበያ ገዝቼ፣ አህያ እስካገኝ ብዬ፣ ከፎቶኮፒው ማሽን ጀርባ አስቀመጥሁት። ሁለት ቀን አደረ። ጋሽ አድማሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተታቸው።

«ይኼ ጽሕፈት ቤት ነው እንጂ ጎተራ አይደለም! የማንም የግል ንብረት እዚህ አይቀመጥም!»

በዝናብ በጀርባዬ ተሸክሜ አወጣሁት። ተመልሼ ቀሚሴ እየተንጠባጠበ ስቀመጥ፣ ዐይኔ ከስክሪኑ ላይ ካለ አንድ ምልክት ላይ አረፈ። የሻረግ ለፈተናዋ የምታጠናበት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው፤ ከራሷ ሲዲ ጭናው ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼስ የግል ንብረት አይደለም?» አልሁ።

የሻረግ ሳቀች። «እታለም ደግሞ! ይኼ እኮ ቦታ አይይዝ፣ አይሸት።» ጋሽ አድማሱም ሳቁ። ብቻዬን ረጥቤ ሁለቱ ሲስቁ ሳይ አንድ ነገር ውስጤ ጠጠረ። የኔ ከወጣ የሷም ይወጣል አልሁ በልቤ። ፍርድ መሰለኝ።

በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት ጋሽ አድማሱ ወደ ወረዳ ሄዱ። ብቻዬን ነበርሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫንና እንዴት እንደሚነሣ ያሳየችኝ ራሷ የሻረግ ናት። ያሳየችኝን መንገድ ተከትዬ መዝገበ ቃላቱን አገኘሁና እንዲነሣ አዘዝሁት።

መሀል ላይ ቆሞ ጠየቀኝ። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለበት ሳጥን መጣ፤ ጽሑፉ ረጅም ነው። ፊደል እየለቀምሁ አነበብሁት፤ ግማሹ አልገባኝም። ከሥሩ «አዎ»፣ «ለሁሉም አዎ»፣ «አይ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ግን አውቃቸዋለሁ። ቢጫው ምልክት ጥንቃቄ ማለት እንደሆነም አውቃለሁ፤ «ቢጫ ስታዪ ጥሪኝ» ብላኛለች። አንድ የማላውቀው ቃል በጽሑፉ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ ፊደሉን ቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጥሁት። በዚያ ቤት ትርጉሙን ሊነግረኝ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን እያስወጣሁት ነው። አንዴ «አዎ» አልሁ። ሌላ ፋይል ጠርቶ እንደገና ጠየቀኝ። ንዴቴ መጣ። የኔ ጆንያ ሲወጣ እኔን ማን ስንት ጊዜ ጠየቀኝ? «ለሁሉም አዎ» ብዬ ገላገልሁት።

ከሰዓት የሻረግ መጣች። የጫማዋን ጭቃ ደጃፉ ላይ አራግፋ ተቀመጠች። ከአንድ ትምህርት ቤት የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና በእጅ ጽሑፍ መጥቶልን ሰኞ ጠዋት ልናስረክብ ቀጠሮ ሰጥተናል። የአማርኛ መጻፊያውን ስትከፍተው ቀይ ክብ መጣ። ደግማ ከፈተችው፤ ደግሞ መጣ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣችው፤ ያው ነው።

ጋሽ አድማሱ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡ። «ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ መጻፊያው አንድ ፋይል አጣሁ እያለ ነው።»

«ፋይል እግር አለው? በዚያ በሲዲሽ ያመጣሽው ቫይረስ ነው!»

«ቫይረስስ አይደለም ጋሼ። መዝገበ ቃላቴም የለም፤ ሰው አንሥቶታል።» ወደ እኔ ዞረች። «እታለም፣ ጠዋት የነካሽው ነገር ነበር?»

«እኔ? እኔ ከመጻፍ ሌላ ምን አውቃለሁ? የተማራችሁት እናንተ!»

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብሁት ይኸን ነው፤ እንዴት አልተንቀጠቀጠም?

«የመዝገበ ቃላቱ መነሣት መጻፊያውን ምን አገባው?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«የእድር ድስት እንደማለት ነው ጋሼ። እያንዳንዱ ቤት ትልቅ ድስት አይገዛም፤ አንድ ቦታ ይቀመጥና ድግስ ያለበት ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ፕሮግራሞችም እንደዚያ የሚጠቀሙባቸው ፋይሎች አሏቸው። የኔ መዝገበ ቃላትና መጻፊያው በአንድ ፋይል ነው የሚሠሩት። እሱ ሲነሣ ፋይሉንም አብሮ ወሰደው። መዝገበ ቃላቱን መልሼ ብጭነው ፋይሉም ይመለሳል። ሲዲው ግን እስቴ፣ እናቴ ቤት ነው።»

የመጻፊያው ሲዲ ደግሞ ባሕር ዳር፣ ኮምፒውተሩን ከሸጠላቸው ሰው ዘንድ ነበር። እስቴ ይቀርባል ተባለ። እኔ የእድር ድስት ሲባል አንገቴን ደፋሁ። ለኔ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ በምድር ላይ አልነበረም፤ ያፈረስሁት ምን እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ጥርት ብሎ ገባኝ። ልናገር የምችልበት አንዱ ጊዜ እሱ ነበር። አልተናገርሁም።

ዓርብ ገና ሲነጋጋ ሄደች። ከኛ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር እስቴ፤ በሰኔ ጭቃ፣ የጉናን ብርድ አልፋ። እኔ አሮጌውን የጽሕፈት መኪና አውጥቼ ፈተናውን ሰም በተቀባ የማባዣ ወረቀት፣ በስቴንስል፣ መምታት ጀመርሁ። ቀኑን ሙሉ መታሁ። ጋሽ አድማሱ ሻይ በእጃቸው እየቀዱ ያቀርቡልኛል። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር? የድሮ ሰው የድሮ ነው!» ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተመስግኜ አላውቅም። ሻዩን ጠጣሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት የሻረግ ተመለሰች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ላይ ተጣብቋል፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ሲዲውን በፌስታል ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ይዛው ነበርና እሱ ብቻ ደርቋል። ሳትቀመጥ ጫነችው። መጻፊያውን ከፈተችው፤ ተከፈተ። ጋሽ አድማሱ «እሰይ!» አሉ።

«አንድ ነገር ላሳይዎት ጋሼ» አለች። መዝገበ ቃላቱን ልታነሣው እንደሆነ አድርጋ አዘዘችው። ያ ቢጫ ምልክት ያለበት ሳጥን መጣ። «ይኸውልዎት፤ ይኼ ፋይል ሳይጠይቅ አይጠፋም። ሰው ‹አዎ› ካላለው የትም አይሄድም።»

«ማን ነው ታዲያ ያለው?»

ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ ቢኖርባት እወድ ነበር። አልነበረባትም፤ እየጠበቀችኝ ነው። ልትናገርብኝ ትችላለች፤ ግን ራሴ እንድናገር ተወችልኝ። እኔ የጽሕፈት መኪናውን ፊደላት በብሩሽ ማጽዳት ጀመርሁ። የስቴንስሉ ሰም ገብቶባቸው ነበር። አንድ በአንድ አጸዳኋቸው። ቀና ስል «አይ» የሚለውን ነክታ ሳጥኑን ዘግታዋለች።

«ማንም ይበለው» አሉ ጋሽ አድማሱ በመጨረሻ። «ያንቺ ዕቃ እዚህ ባይገባ ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። የማንም የግል ንብረት አይቀመጥም ብያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጥሩዬ ብቻዋን ትሠራለች።»

የገዛ ራሴ ክርክር ነበር፣ ከሳቸው አፍ የወጣው። ከኔ ልብ ውስጥ ሳለ ፍርድ ይመስል ነበር፤ ሲነገር ሰማሁትና ግፍ ሆነብኝ። የሻረግ አልተከራከረችም። ከበሩ ላይ «ደህና ሁኚ እታለም» አለችኝ። እኔም «ደህና ሁኚ» አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ከጠዋት እስከ ማታ የኔ ሆነ። መዝገበ ቃላቱን ግን ጋሽ አድማሱ «ማንም እንዳይነካው» ብለው ስላዘዙ እዚያው ቀረ፤ እሷ ወጥታ ንብረቷ ቀረ። አንድ ቀን ያን ሳጥኑ ውስጥ ደጋግሞ የመጣውን ቃል ፊደሉን ከወረቀት ላይ ገልብጬ ፈለግሁት። «የጋራ» አለኝ። ስድስት ዓመት በዚያ ማሽን ላይ ስሠራ ሁለተኛ አልከፈትሁትም።

ጋሽ አድማሱ የሻረግ ጥፋተኛ ናት ብለው እንዳመኑ ሞቱ። እሷ ፈተናውን ደግማ ትውሰድ አትውሰድ አላውቅም። ገበያ ላይ የእስቴ ሰው ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ «የትኛዋ የሻረግ?» ይሉኛል። የአባቷን ስም እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ከዚያ የጥር እሑድ ወዲህ ብርቱካን በትምህርት ቤቷ «እናቴ ኮምፒውተር ታድናለች» እያለች ታወራልኛለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ላፕቶፗን ይዛ እስከ ቤቴ መጣች። ሻይ እያቀረቡ ሲያመሰግኑኝ ሻዩን ሳልነካው አስቀምጠዋለሁ። ዛሬም በእድሩ ሰው ሲጣላ እኔን ይጠራሉ፤ እኔም ሄጄ እፈርዳለሁ። አፌ ለሰው ጥፋት ሲሆን ይፈጥናል። ለራሴ ጥፋት ግን ይኸን ሁሉ ዘመን ፈጀብኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄንና ባሏን አስቀምጬ እዚህ የጻፍሁትን ሁሉ፣ ጭልፋውንም ሻዩንም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ብርቱካን አቀረቀረች። ደሳለኝ ደግ ልጅ ነው፤ ሊያጽናናኝ ፈለገ።

«ተዉ እንጂ እማማ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበሩ።»

«እኔ ልጅ አልነበርሁም» አልሁት። «ልጅ የነበረችው የሻረግ ናት።»