በአጥር ውስጥ የበቀለ ሣር

በቅርቡ እዚህ ሰመራ፣ የአፈር ትምህርት መምህራችን ጥቁር ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ ይዘው ክፍል ገቡ። ክዳኑን ሲከፍቱት ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ጠጋ አልኩ። የኮመጠጠ ሊጥ፣ የእበትና ያረረ ስኳር ሽታ ነው። «ሥነ ሕይወታዊ ማዳበሪያ ይባላል» አሉ መምህሩ፤ «ከመካከላችሁ የሚያውቀው አለ?» ሁልጊዜ እጅ ለማውጣት የምቸኩለው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን እጄ አልነሳ አለኝ። ልቤ ከሰመራ ወጥቶ፣ የጅቡቲን መንገድ ከጭነት መኪኖቹ ጋር ተከትሎ አዋሽ ደርሶ ነበር።

አዋሽ፣ ወላጆቼ ከወሎ መጥተው የከፈቱት ትንሽ ምግብ ቤት አለን። ጠዋት ፉል፣ ቀን ሩዝና ፓስታ ለሾፌሮች እናቀርባለን። ወተት የሚያመጡልን ጋሽ ሁመድ የሚባሉ አፋር ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር እንደ ወንድማማች ናቸው። በድርቁ ላሞቻቸው አልቀው ሁለት ብቻ ሲቀሩ ወተቱም ቀረ፤ ሻያችን በዱቄት ወተት ሆነ። የግጦሽ መሬታቸውን ከውጭ የመጣ እሾሃማ ዛፍ ወርሶት ነበር። ዛፉ ተመንጥሮ ሲያልቅ ደግሞ እንደ ሸክላ የደረቀ ባዶ ሜዳ ቀረ።

አንዲት የግብርና ባለሙያ ለአባቴና ለጋሽ ሁመድ የበርሜሉን ሥራ አሳየቻቸው። ትኩስ እበት፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፍ ሞላሰስ፣ ከግራር ጥላ ሥር የተዘገነ አፈርና ውሃ ተቀላቅሎ ይብላላል። «ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ፀሐይ ይገድለዋል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ብቻ ርጩት» አለች። በባዶው ሜዳ አንድ ጥግ የሣር ዘር ዘርተን፣ እሾህ አጥረን፣ ማታ ማታ እየተንጠባጠብን ረጨን። ልብሴን ሳሙና አላስለቀቀውም።

የጋሽ ሁመድ ጎሳ ሽማግሌዎች አጥሩን የፈቀዱት ለአንድ ካርማ፣ ማለትም ለአንድ ክረምት ዝናብ ብቻ ነበር። ሣሩ ዘሩን ካራገፈ አጥሩ ይቆያል። ዘር ሳይጥል ከተበላ ግን አጥሩ ይነሳል፣ መሬቱም ወደ ሸክላነቱ ይመለሳል። ባለሙያዋም «ዘሩን እስኪጥል ሰኮና እንዳይረግጠው» ብላ አስጠንቅቃ ነበር።

ካርማው ጣለ፤ ሣሩም በቀለ። ጭንቀታችን የጀመረው ያኔ ነው። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ሰላም ነው ወይ ይባባላል። ያዩትን መደበቅ ነውር ነው፤ ያላዩትን መጨመርም ያስቀጣል። አባቴ ይህን እያወቀ ጋሽ ሁመድን ለመናቸው።

«ሁመድ፣ በአላህ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

«ከጠየቁኝስ?»

«አላየሁም በላቸው።»

ጋሽ ሁመድ ሳቁ። «አሊ፣ አንተ የትናንቱን ወጥ የዛሬ ነው ብለህ ለሾፌር ትሸጣለህ። እኔ ዳጉ አላበላሽም።»

«የኔ ወጥ ሰው አልገደለም!»

«እስካሁን» አሉ ጋሽ ሁመድ፣ መፋቂያቸውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዛወሩ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ከትምህርት ቤት በወጣሁ ቁጥር ወደ አጥሩ ሄጄ የሣሩን ራስ በጣቴ እጨምቃለሁ። ነጭ ውሃ ይወጣል። ዘሩ ገና አልጠነከረም።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር ፓስታውን እየጠቀለለ «ከገዋኔ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ከብት ሆኗል፤ ጥሩምባ ብነፋም አልለቅ አሉኝ» አለ። አባቴ የያዘውን ሰሃን ጠረጴዛ ላይ አኖረና ተቀመጠ። «አለቀልን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አቧራው ታየ። አባቴና እኔ እየሮጥን ስንደርስ ጋሽ ሁመድ ከግራሩ ሥር ቆመዋል፤ መፋቂያቸው አፋቸው ውስጥ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ከብቶቹ የጎድን አጥንታቸው ገጥጧል። ሣሩ ሲሸታቸው ሁሉም በአንድነት እምቧ አሉ። አባቴ የአጥሩ በር ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ያን ሁሉ መንጋ በሁለት እጅ ሊመልስ!

መንጋውን የነዱት ሰዎች ግን ወደ አጥሩ አልመጡም። ከጋሽ ሁመድ ጋር ተቀምጠው ዳጉ ጀመሩ። የማያልቅ መሰለኝ። በመጨረሻ ከእንግዶቹ ትልቁ ሽማግሌ ተነስተው መጡ፣ በአጥሩ ላይ እጃቸውን ሰደው አንድ የሣር ራስ ቀጠፉና ጨመቁት። አውራ ጣታቸው ላይ ነጭ ውሃ ቀረ።

«እርጉዝ ነው» አሉ በአማርኛ። «የሰማነውም እንዲሁ ነው። ‹አዋሽ ሣር አለ፤ ገና አልወለደም› ነው የተባልነው። አንተ እርጉዝ ላም ታርዳለህ?»

አባቴ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። «ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«ሲወልድ ሩቅ እንዳንሆን።»

ለካ ወሬው ሙሉውን ተጉዟል። እኛ የፈራነው ግማሹን ብቻ ነበር።

ጭንቀቱ ግን በዚህ አላበቃም። መንጋው በባዶው ሜዳ ሰፍሮ የደረቀ ቁጥቋጦ እየለቀመ ቆየ፤ እምቧታው ምግብ ቤታችን ድረስ ይሰማል። አንድ ከሰዓት አንዲት ጥጃ አጥሩ አጠገብ ወድቃ መነሳት አቃታት። ባለቤቷ አጠገቧ ተቀምጣ በሻሿ ዝንብ ትከላከልላታለች። ምንም አልጠየቀችንም። ብትጠይቅ ይሻለን ነበር። አባቴ ዞረ፣ አጉተመተመ፣ ሄደ። ሲመለስ የወጥ ቤቱን ቢላ ይዟል። ከአጥሩ ጥግ አንድ እቅፍ ሣር አጭዶ ጥጃዋ አፍ ሥር አኖረላት።

ለአንዷ ከተሰጠ ሁሉም ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ማንም አልተነሳም። ጋሽ ሁመድ ብቻ «ባለሙያዋ ስለ ሰኮና እንጂ ስለ ቢላ አልተናገረችም» አሉ።

ሣሩ ዘሩን ጣለ። በሩ ተከፈተ፣ ከብቶቹ ገቡ፣ አጥሩም ቆየ። መንጋው ከሰፈረበት ባዶ ሜዳ የተሰበሰበው እበት ለሚቀጥለው በርሜል ሆነ።

በክፍላችን መምህሩ የዚህ ማዳበሪያ ዋና ጠላት ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ጓደኞቼ «ፀሐይ» አሉ። ትክክል ነው። እኔ ያቺን የተራበች ጥጃ እያሰብኩ ነበር፤ መልሱን እንዴት እንደማሳጥረው ግን አላወቅኩበትም።

ማታ ለጋሽ ሁመድ ደወልኩ። ዘንድሮ ካርማው ጥቂት ጥሎ ተቋርጧል። እንደ ወጉ መጀመሪያ ዳጉ ተቀባበልን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰላም።

«ሣሩስ?» አልኩ።

«አርግዟል።»

«ዝናቡስ፣ ጋሼ?»

የመፋቂያቸው ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«አላየሁም» አሉኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጋሽ ሁመድ በዋሹኝ ብዬ ተመኘሁ።