ቀመሩ ያልገመተው የቦምቤ ቤት

ከሶዶ የተነሳሁት የአንዲት አሮጊት ስም ከመዝገብ እንዳይሰረዝ ነው።

የምሠራበት ፕሮጀክት በክረምት ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ከሰል ያድላል። የቤተሰቡን ብዛት፣ ገቢና ሥራ ተመልክቶ አንድ ቤት ለማብሰልና ለመሞቅ የሚበቃውን ከሰል የሚገምተውን ቀመር የሠራሁት እኔ ነኝ። ለብዙ ቤት ልክ መጣ። ቦምቤ ከተማ ላይ ግን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት የተገመተላቸውን እየጨረሱ ጭማሪ ይጠይቃሉ።

አለቃዬ ኢንጂነሩ ወዲያው ፈረደ። "ይሸጡታል። ሰርዛቸው።"

"ሳላይ አልሰርዝም።"

"እንግዲያው በራስህ ገንዘብ ሂድና እይ!"

ሄድኩ።

ሶዶ – አረካ

የዳሞታ ተራራ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ጫፉ አይታይም። ሚኒባሱ ውስጥ ተንጠልጣይ ሚዛኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ረዳቱ አየው።

"ወንድሜ፣ ከየትኛው ሥጋ ቤት ነው ያመለጥከው?"

"ከሰል ልመዝንበት ነው።"

"ከሰል ብቻ? ሥጋውንስ ማን በላው?"

መኪናው በሙሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ። የሚዛኔን ልክነት ግን ጠዋት በአንድ ኪሎ ስኳር አረጋግጫለሁ።

አረካ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ። እዚህ ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ በላሁ፤ የቃሪያው ማቃጠል በዚያ ብርድ እንባዬን አወጣው። ወደ ቦምቤ በሌላ ሚኒባስ ቀጠልኩ። አንድ ቁልቁለት ላይ ጎማው ቀይ ጭቃ ውስጥ ሰመጠና ወርደን ገፋን። ሱሪዬ እስከ ጉልበት ቀላ።

ቦምቤ

የቀበሌ ቤቶቹ ግድግዳ ተጋርተው በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ጣሪያቸው ዝጓል፤ አንዳንዱ ላይ ላስቲክ ተዘርግቶ ድንጋይ ተጭኖበታል። አዲስ ቆርቆሮ ያለው የዳሩ፣ የምፈልጋቸው እናት ቤት ብቻ ነው፤ ልጃቸው ለሥራ ርቆ ከመሄዱ በፊት የመታላቸው። ሰፈሩ ሴትየዋን "አዬ" ይላቸዋል፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። ስማቸው አስቴር ነው።

"ሳሮ" ብዬ በአገሩ ሰላምታ ልገባ ስል እጃቸው ደረቴ ላይ አረፈ።

"ቁም! አራስ አለች።"

"የማን አራስ ናት፣ አዬ?"

ሦስተኛውን በር በአገጫቸው አመለከቱኝ። "የዚያ ቤት። ከእሷ በፊት የጥጉ ቤት ነበረች። ቀጥሎ ደግሞ የልብስ ሰፊው ሚስት፤ ሆዷ ደርሷል። ጣሪያቸው ያፈሳል። ሕፃን ፍሳሽ ሥር ይደር?"

ባሎቹ በድርሻቸው ከሰል በየቤታቸው ያበስላሉ፤ እናትና ሕፃን ግን እዚህ ይሞቃሉ። እሳቱም ቀን ከሌት አይጠፋም።

"ታዲያ ሰው አለ ብለው ለምን አላስመዘገቡም?"

"ማን ጠየቀኝ? ስንት ሆናችሁ ትኖራላችሁ አሉኝ፤ አንድ አልኩ። ነዋሪዋ እኔ ነኝ። እነሱ እንግዳ ናቸው። እንግዳ ይቆጠራል?"

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"ከሰሉን ይሸጣሉ ተብሏል" አልኳቸው።

"ይህን ያለውን ሰውዬ እናቱ በረዶ ላይ ነው የወለደችው?" እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ጎተቱኝ። እንሰቱ ሥር የአመድ ቁልል አለ። "በል መዝን! የተሸጠ ከሰል አመዱን እዚህ ጥሎ አይሄድም።"

መዘንኩ። እየሰፈርኩ እስኪያልቅ መዘንኩ። ከወሰዱት ከሰል ጋር ሳስተያየው የተሸጠ የሚባል አልተረፈም።

ሶዶ

ስመለስ "በክረምት ቤትዎ የሚያርፍ ሰው አለ?" የሚል ጥያቄ ቀመሩ ላይ ጨምሬ ለኢንጂነሩ አሳየሁት።

"ለአንድ ቤት ብለህ? ሴትየዋን አውጣቸውና ሂሳቡ ይጽዳ።"

"ሂሳቡን ያቆሸሹት እሳቸው አይደሉም። ጥያቄያችን ነው።"

"ሥራህን ትፈልጋለህ?"

"እፈልጋለሁ። እሳቸውን ግን አልሰርዝም። የሚሰርዝ ካለ ቦምቤ ይሂድና በራቸው ላይ ቆሞ ይንገራቸው።"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ቀመር ያልጠየቀውን አያውቅም፤ የማያውቀውን ሰው ሌባ ማለት ግን ይችላል።

እስከ ዛሬ ቦምቤ ሄዶ የነገራቸው የለም። በአዲሱ ጥያቄ የተገመተላቸው ጭማሪ ከሰል ግን ሄዷል።