የደራው ታካሚ ካርድ

አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ ሦስት ዓመት ፕሮግራም ጽፌያለሁ። መስኮቱን ከከፈትን አቧራው ኪቦርዱ ላይ ይተኛል፤ ከዘጋን ሙቀቱ ያፍነናል። ከደንበኞቻችን አንዱ የግል ክሊኒክ ነበር። ሐኪሞቹ የላብራቶሪ ውጤት በኮምፒውተር የሚያዩበትን ሲስተም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ነርሷ የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር ታስገባለች፤ ጥያቄው በኢንተርኔት ወደ ሰርቨራችን ይመጣል፤ ሰርቨሩ ጥያቄው ምን ምን እንደያዘ አይቶ እኔ ከጻፍኳቸው ሜተዶች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ከሚሠሩ የኮድ ክፍሎች፣ ለአንዱ ያቀብለዋል፤ ሜተዱም ውጤቱን ፈልጎ ይመልሳል። ክሊኒኩ ደራ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍት ሁለተኛ ሜተድ ጨመርኩ፤ ይኼኛው የካርድ ቁጥርና የቅርንጫፍ ስም አንድ ላይ ይቀበላል። ቁጥር ብቻ የሚቀበለውን አሮጌውን ያኔውኑ ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁትም።

ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ኩየራ ተምራ የመጣች ባልደረባዬ ኮዱን አይታ፣

«የቅርንጫፉ ስም ሳይመጣ ቢቀርስ?» አለችኝ።

«ይመጣል እንጂ። ሳይሞላ አያልፍም።»

«ካልመጣ ግን ጥያቄው ወደ አሮጌው ነው የሚሄደው። ደራም ካርድ የጀመሩት ከቁጥር አንድ ነው፤ አዳማም እንደዚያው። አንዱ ቁጥር የሁለት ሰው ነው።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከወራት በኋላ ኮዱን ሳጸዳ፣ የቅርንጫፉ ስም የሚላክበትን መለያ ቃል አሳጠርኩት። ሰርቨሩ ላይ ቀየርኩ፤ አዳማ የሚጠቀሙበት ገጽ ላይም ቀየርኩ። የደራውን ገጽ ረሳሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደራ የቅርንጫፉን ስም በአሮጌው መለያ ይልካል፣ ሰርቨሩ መለያውን አያውቀውም፣ ስለዚህ ቁጥር ብቻ እንደመጣለት ቆጥሮ ጥያቄውን ለአሮጌው ሜተድ ይሰጣል። አሮጌው ደግሞ የሚያውቀው አዳማን ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የስህተት መልእክት አልወጣም። ከላይ የሚታየው ነርሷ የጻፈችው የደራው ታካሚ ስም ነው፤ ከሥሩ ያለው ውጤት ግን የአዳማ ሰው።

ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን የደራዋ ነርስ ስክሪኑንና የወረቀት መዝገቡን አስተያይታ ደወለች። ስህተቱን አግኝቼ ለማረም ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። በዘጠኙ ቀን የታዩትን ታካሚዎች ዝርዝር አውጥቼ ላክሁ፤ ክሊኒኩ እየደወለ ጠራቸው። አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ ከደራ ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገበሬ። ስልካቸው ዝግ ነው። «ሰው እንልካለን» አሉ የክሊኒኩ ሰዎች። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

ሰው አልተላከም። ገበሬው ኩላሊታቸው ታሞ ሳለ «ደህና ነዎት» ተብለው ነበር ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ከሁለት ወር በኋላ ፊታቸውም እግራቸውም አብጦ አዳማ ሆስፒታል ገቡ፤ ኩላሊት እጥበት ተጀመረላቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት አረፉ። የነገረችኝ ያችው ነርስ ናት። አለቃዬን ለቤተሰቡ እንንገር ስለው፣ «ሐኪሙ መዝገቡን ማየት ነበረበት። አንተ ሐኪም አይደለህም፤ አፍህን ዝጋ» አለኝ።

በማግስቱ ለለቅሶ ደራ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ምን እንደምል ስለማመድ ነበር፤ ስወርድ ሁሉም ጠፋኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። «አላህ ይርሐማቸው» ብዬ ጥግ ያዝኩ። ዘመድ መስያቸው ውኃ ሰጡኝ።

ትልቋ ልጃቸው፣ አርባ የሚሆናት አስተማሪ፣ ልሄድ ስነሳ ተከትላኝ ወጣች።

«ከየት ነው የመጣኸው? አላወቅኩህም።»

«ከአዳማ። የክሊኒኩን ኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነኝ። የአባትዎ ውጤት ከሌላ ሰው ውጤት ጋር ተምታቶ ነበር። ያምታታሁት እኔ ነኝ።»

እጇን ወደ አፏ አስጠጋች፤ መልሳ አወረደችው።

«ደህና ነህ ሲሉት እንዴት ደስ እንዳለው ታውቃለህ?» አለች። «መጥቶ እናቴን 'አላልኩሽም?' አላት። መድኃኒት የሚባል ነገር ተወ። በቆሎውን ራሱ አጨደ፤ የእኛን እርዳታ እንኳ እምቢ አለ።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት፣

«ተው» አለችኝ። «እናቴ ግን ይህን እንዳትሰማ። አላህ ወሰደው ብላ ነው የተቀመጠችው። የሰው እጅ አለበት ከተባለች እሷንም እናጣታለን። ማልልኝ።»

ማልኩላት። ስልክ ቁጥሬን ተቀበለችኝና ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። ሊከሱኝ ነው ብዬ ብዙ ቀን ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። ቢከሱኝ ይሻለኝ ነበር። በወሩ ሥራውን ለቀቅኩ። ክሊኒኩም ሲስተሙን ለሌላ ድርጅት ሰጠ።

ከዓመት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እሷ ነበረች።

«እናቴን እዚያው ክሊኒክ አስመረመርናት» አለች። «ደህና ናት ብለው ወረቀት ሰጡን። የራሷ ውጤት መሆኑን አንተ እይልኝ።»

የይለፍ ቃሌ ከተዘጋ ቆይቷል። ቢሆንም በማግስቱ ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ የካርድ ክፍሉ መስኮት ጋ ቆምኩ። የታካሚ መረጃ ለውጭ ሰው አናሳይም አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ደውዬ እንደማልችል ነገርኳት፤ ሌላ ቦታ ደግመው ያስመርምሯቸው አልኳት።

«ሌላው ቦታስ በኮምፒውተር አይደል?» አለች።

«ነው።»

ከኋላዋ አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ይሰማኛል።

«ማንም አይደለም፣ እማ» አለቻቸው፣ እሷም በኦሮምኛ። ስልኩም ተዘጋ።