ለእትዬ ሰብለ ያላየሁላት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የምታለቅስ ልጇን ዝም ለማሰኘት ስልኳን ሰጠቻት። ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። በጣቷ እየገፋች እየገፋች አንድ ካርቱን ላይ ቆመች፤ ዝሆን መሰላል ላይ ወጥቶ ከጣሪያ ጋር ይጨቃጨቃል። ቋንቋው ስፓኒሽ ነበር። ስታዲየም ጋ ስንደርስ ዝሆኑ ጣሪያውን «እኔ ከባድ ነኝ፣ አንተ ብትወርድ ይሻላል» ሲለው ሳላስበው ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ የሳቅሁት እኔ ብቻ። እናትየዋ ዞር ብላ ከጫማዬ እስከ ጭንቅላቴ አየችኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቋንቋው ይገባዎታል እንዴ? እሷ እንኳን ዝም ብላ ነው የምታየው።»

የቧንቧ መፍቻ የታቀፈ፣ ሱሪው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ሰው ስፓኒሽ ሲሰማ አይታ አታውቅም፤ አልፈርድባትም። «ትንሽ ትንሽ» አልኳት። መስቀል አደባባይን አልፈን ካዛንቺስ እስክንገባ ድረስ ዝሆኑን ከልጅቷ ጋር አየሁ።

በግልጽ ልናገር። ስፓኒሽ የቻልኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ቀልድ ይመስለዋል። እኔ ግን አንድም ቀን አልሳቅሁበትም።

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ዛሬ ሰፊ አስፋልትና የብስክሌት መንገድ በሆነው ቦታ፣ ከእኛ ግቢ ጀርባ ባለው ግቢ እትዬ ሰብለ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አባቷ ወታደር ነበር፤ ጦርነት ላይ ሲሞት እሷ ዐሥር ዓመቷ ነበርና እንደ ብዙ የሟች ልጆች ኩባ ተላከች። እዚያ አደገች፣ እዚያ ተማረች፣ እዚያ ወለደች። የተማረችው ስለ ሸንኮራ አገዳ ነው። ስትመለስ መንግሥት ተለውጦ፣ የላካት ሰው ሁሉ የት እንደገባ ጠፍቶ ቆያትና ካዛንቺስ ገባች፤ ካዛንቺስ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ የሚገኘው ጋሪ ላይ ተቆራርጦ ብቻ ነው። ልጇን ማሪሶልን «ሥራ ልያዝና አስመጣሻለሁ» ብላ ለልጅቷ አባት እናት ትታት ነበር የመጣችው። ማሪሶል ያኔ አራት ዓመቷ ነው፤ የካርቱን ካሴቶቿን አንድ በአንድ እናቷ ሻንጣ ውስጥ ከተተችላት፣ እስክንገናኝ እያየሽ ቆዪኝ ብላ። ስለዚህ እትዬ ሰብለ ከኩባ ይዛ የመጣችው ሀብት አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን፣ አንድ የቪዲዮ ዴክና አንድ ሻንጣ የልጅ ካሴት ነበር፤ እኔ ሳውቃት ከመጣች ሰባት ዓመት አልፏታል፣ ማሪሶልም አልመጣችም።

እንደ ግቢው ሴቶች አልነበረችም። «እርስዎ» ስላት «ተወኝ፣ አንቺ በለኝ፣ እዚያ ያደግነው እንደዚህ አይደለም» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት፤ ጎረቤቶቿም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለጌ አሉኝ። ቤቷ የሞቀ ፕላስቲክና የአረቄ ሽታ ነበረው። አረቄው ለመጠጥ አይደለም፤ ካሴቱ ሲንተባተብ የዴኩን ራስ በጥጥ ነክራ የምትጠርግበት ነው። ምስሉ ሲጠራ ከፊቷ የሚጠፋው ድካም፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ከዝናቡ በላይ እየጮኸ የሚያዝዘው የካርቱኑ ዶሮ፣ ይሄ ሁሉ አሁንም ዓይኔ፣ ጆሮዬና አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

እኔ በጠዋት እዚያ ምን እሠራ ነበር? ትምህርት ቤት መሆን ነበረብኛ። እናቴ ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ታናሽ ወንድሜን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ፣ እሱ በእግሩ ተከትሏት መሄድ እስኪችል ድረስ ትምህርት ቤት አልገባሁም። በዘጠኝ ዓመቴ ስገባ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አስቀመጡኝ፤ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ። ሕፃናቱ «አባባ» አሉኝ። መምህሩም ሳቀ። የሕፃናቱን ትቼዋለሁ፤ የመምህሩን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። በአራተኛው ቀን ቀረሁ፤ ለማንም አልነገርኩም። ለእናቴ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ነኝ፣ ለእትዬ ሰብለ ደግሞ ከሰዓት ፈረቃ፣ ሦስተኛ ክፍል። እናቴ ከንጋት እስከ ምሽት ሰው ቤት ስለምትውል ሁለቱ ውሸቶች አንድም ቀን መንገድ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። እናቴ የገዛችልኝን፣ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት የሸፈነችልኝን ደብተር በየቀኑ በብብቴ ይዤ እወጣና በየቀኑ ባዶውን ይዤው እገባለሁ።

እትዬ ሰብለ ደግሞ ዓይኗ እየሄደ ነበር። ከዳር ወደ መሃል ነው የሚጨልምባት፤ «በቁልፍ ቀዳዳ የማይ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትሰማለች፣ ምስሉ ግን ግማሹ ያመልጣታል። ስለዚህ ተስማማን፤ እኔ ምስሉን እነግራታለሁ፣ እሷ ቋንቋውን ትነግረኛለች።

«ኬ ቬስ?» ትላለች። ምን ታያለህ ማለቷ ነው።

«ዶሮ። ኮፍያ። ጀልባ። አህያ።»

«አንተ፣ ዕቃ አትቁጠርልኝ! መጋዘን ነው እንዴ የማስረክብህ? ምን እየሆነ ነው?»

«ዶሮው አህያውን ቅዘፍ ይለዋል፣ አህያው ደግሞ ያኮረፈ መስሏል፣ ግን ዓይኑ ይስቃል።»

«አየህ! አሁን አየሁት። ባሕሩስ?»

«ሰማያዊ።»

«እንደ ምን ሰማያዊ?»

«እንደ ላዳ ታክሲ።»

ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዶሮው የመርከብ አዛዥ፣ አህያው ቀዛፊ ሆነው ማንም ያላገኘውን ደሴት የሚፈልጉበት ካርቱን ነበር፤ ደጋግመን ከማየታችን የተነሳ ዶሮው አፉን ሳይከፍት እኔ እቀድመው ጀመር። ወራት ሲያልፉ አማርኛው እየቀነሰ፣ ምስሉን ራሱ በስፓኒሽ እነግራት ጀመር። በርግጥ የእኔ ስፓኒሽ የዶሮው ስፓኒሽ ነበር፤ ሸራ ማስወጠር፣ ወንበዴ መስደብ፣ ማዕበል ላይ መፎከር እችላለሁ፣ ሽንኩርት ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ግን አልችልም። የሰፈር ልጆች «ካፒታን» አሉኝ። «አባባ»ን ያጠፋልኝ ስም ስለነበር ወደድኩት።

አንድ ጠዋት ዴኩን ሳትከፍት ጠበቀችኝ።

«ቀዳዳው እየጠበበ ነው» አለች። «አንተ ሦስተኛ ክፍል አይደለህ? የእነሱ ፊደል ያው የእንግሊዝኛው ነው። እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍልኝ።»

እዚያች ላይ አልችልም ማለት ነበረብኝ። ያቺ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች፤ የመምህሩ ሳቅ አብሯት መጣና ዋጥኳት። ደብተሬን አወጣሁ። እትዬ ሰብለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀስ እያለች በስፓኒሽ ተናገረች፦ ማሪሶል ልጄ፣ ዓይኔ እየሄደ ነው፤ መጻፍ ካቆምኩ የረሳሁሽ እንዳይመስልሽ፤ ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ቶሎ በይ፣ ሳይጨልምብኝ አንዴ ልይሽ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ ማዕበል ሣልኩ። ትልልቅ ሰዎች ሲጽፉ እጃቸው የሚወዛወዘው እንደዚያ ስለሚመስለኝ ማዕበል በማዕበል ላይ፣ ገጹ እስኪሞላ። «አንብብልኝ» አለች። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ቃል በቃል፣ የተነፈሰችበትን ቦታ ሳልስት አነበብኩላት። ማንበብ የማይችል ሰው ጆሮው አይረሳማ። «ጎበዝ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ዓይኗ ደህና ሳለ አድራሻውን ጽፋ ካስቀመጠቻቸው ፖስታዎች አንዱን አወጣች፤ በእጄ አሸግኩት፣ በእጄ ወስጄ ላክሁት።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ፖስታውን በጣቶቿ ዳሰሰችው፣ አጎበጠችው። «ፎቶ የለውም። ምን ትላለች?» አለችና ሰጠችኝ። ማሪሶል ጻፈችው የተባለው ነገር ለእኔ በወረቀት ላይ የተበተነ ጉንዳን ነበር። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ ጀመርኩ፦ እናቴ ሆይ፣ ነፋሱ ከእኛ ጋር ነው፤ ገመዱን አጥብቀሽ ያዢ፤ ጎህ ሲቀድ የብስ እናያለን፤ ወደፊት!

እትዬ ሰብለ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች።

«ይሄን የጻፈው ዶሮው ነው እንዴ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀጥላም «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለች። ደብተሬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ።

ደብዳቤው በእውነት ምን እንደሚል የነገረችኝ ዘሀራ ናት። ዘሀራ እትዬ ሰብለ ግቢ ውስጥ የሚኖር የወሎ ነጋዴ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ምላሷ ምላጭ። ስፓኒሽ ባትችልም ፊደሉን እየቆጠረች ጮክ ብላ ስትጠራው እትዬ ሰብለ ሰምታ ተረድታዋለች። ቦኖ ጋ ጀሪካን ስቀዳ አገኘችኝና፣ «ስማ ካፒታን፣ ልጅቷ ምን አለች መሰለህ? የመጣልኝ ወረቀት ላይ ማዕበል እንጂ ጽሑፍ የለም፣ እማዬ ታመሻል ወይ፣ በሕይወት አለሽ ወይ ነው የምትለው። በቃ፣ አንተን ነው የሚሰቅሉት!» አለችኝ። አዲሱን ደብዳቤ እትዬ ሰብለ አንድ አንድ ፊደል እየነገረቻት ዘሀራ ጻፈችው። እሱ ደርሶ ፎቶው እስኪመጣ ክረምቱ ገባ፤ በዚያ መሃል ቀዳዳዋ ተደፈነ።

ዘሀራ ዝናብ እየመታት እኛ በር ድረስ መጣች። አልሳቀችም፣ አልተሳደበችም።

«ፎቶው መጥቷል። እኔ ነገርኳት፤ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ ወንበር አለ፣ ዛፍ አለ አልኳት። አልታየኝም ትላለች። እሱን ጥሪልኝ አለችኝ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«የምን ሥራ? እባክህ ና። አልተቆጣችህም እኮ። አላህን፣ አልተቆጣችህም!»

አልሄድኩም። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን። ቁጭ ብዬ የማስበው፣ እዚያ ብሄድ እትዬ ሰብለ ደብተሩን ታወጣለች፣ አንብብ ትለኛለች፣ ዘሀራ ትስቃለች የሚለውን ብቻ ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ የእትዬ ሰብለ ወንድም ከናዝሬት መጥቶ ወሰዳት። በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ አየኋት፤ አንድ እጇን ወንድሟ ይዟታል፣ በሌላው ፖስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና ፊቷን ወደ እኛ ግቢ አዞረች። ከዚያ በኋላ አላየኋትም፤ ሞተችም፣ ኖረችም አላውቅም።

ለሃያ አምስት ዓመት በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። የሰው ቤት ቧንቧ ዘረጋሁ፣ መመሪያ ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽሬን ረሳሁ እያልኩ ኖርኩ፤ መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። በመጨረሻ ቂርቆስ ውስጥ አንድ የማታ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ አሁንም ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ አለ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን የማንም አልገባም። የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነበብኩ ቀን ሰው እንደሚያወራው ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። ይሄ ነበር እንዴ? ለዚህ ነው የተደበቅኩት?

ያን ቀን ከሚኒባሱ ስወርድ ካዛንቺስ አምፖሏን ደርድራ፣ ሣሯን አስተካክላ ቆማ ነበር። አሁን ሁሉንም አነባለሁ፤ የባንኩን፣ የሆቴሉን፣ የመንገዱን ስም፣ ሕንፃ ላይ ያለውን ሁሉ። የትኛውም ጽሑፍ የእትዬ ሰብለ በር የቱ ጋ እንደነበር አይናገርም። ቦኖው የነበረበትን በግምት አግኝቼ ዳር ላይ ቆምኩ፤ የማሪሶልን ቀሚስ፣ ዘሀራ ያለችውን ወንበርና ዛፍ ላስብ ሞከርኩ። ልጅቷ ታኮርፋለች ወይ? ዓይኗስ ይስቃል ወይ? ቀሚሱ እንደ ምን ዓይነት ነው? አላየሁትማ።

ካልቻልኩት ነገር ሸሸሁ ብል እንኳን ትንሽ ይቀለኝ ነበር። እትዬ ሰብለ ሦስት ቀን ሙሉ ያስጠራችኝ ግን እንዳነብላት አልነበረም፤ ፎቶውን አይቼላት እንድነግራት ነበር።