ማባዘቻዋና ዘጠነኛው አንቀጽ

ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የሚጎድለው አጋር ነው ይባላል። ሐሰት ነው። እኛ ዘንድ አጋር ሞልቶ ተርፏል። የመግባቢያ ሰነዶቻችን የተከማቹበት ቁም ሣጥን በሩ አልዘጋ ስላለ በሲባጎ ታስሮ ነው የሚውለው፤ እኔ ባለሁበት ዘመን እንኳ ሲባጎው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። መጠይቅ ካልተቆጠረ በቀር ግን ሰነዶቹ ውስጥ የተጻፈው ነገር ሲሠራ አላየሁም። መጠይቅስ ተሞልቷል። አንዱ አጋር መጥቶ በመጠለያ ያሉትን ተፈናቃዮች «ምን ይጎድላችኋል?» ብሎ ጠይቆ ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም ያንኑ ጠየቀ። ሦስተኛው ሲመጣ አንድ አባወራ «ያለፈው መልሳችን ጠፋባችሁ እንዴ?» አለው። ይህ መልስ በመጠይቁ ላይ ቦታ ስላልነበረው አልተመዘገበም።

የምናገረው ደብረ ብርሃን ሲባል ሰው ስለሚያስበው ትልቅ ግቢ አይደለም። ስለ ትንሹ ነው፤ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ንፋስ ከአራቱም አቅጣጫ ስለሚገርፈው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። የተቀጠርኩት እንግሊዝኛ ላስተምር ነበር። ብዕሩ ለስላሳ ነው ተብዬ ታማሁና የትብብር ጽሕፈት ቤቱ ሰነድ አርቃቂ አደረገኝ።

አረቃቀቁ ቀላል ነው። ያለፈውን ሰነድ ትከፍታለህ፣ ያለፈውን አጋር ስም ታጠፋለህ፣ የአዲሱን ትጽፋለህ። አንድ ጊዜ ሦስተኛው ገጽ ላይ የድሮውን ስም ሳላጠፋ ቀረሁ። ሁለቱም ወገኖች ፈርመው፣ ተጨባብጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ተለያዩ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ሰነድ የሚያነብ ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ማንበብ ተውኩ።

ፊርማው የራሱ ወግ አለው። እንግዳው ከአዲስ አበባ በስስ ኮት ይመጣል፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ከንፈሩ ይጠቁራል። ፈርሞ ሲጨርስ ፕሬዚዳንታችን ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ያለብሰዋል። እንግዳው ከልቡ የሚያመሰግነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስለ ምርምር ዕድል ሲወራ ያላየሁት ደስታ ባናው ትከሻው ላይ ሲያርፍ ፊቱ ላይ ይታያል።

ባናውን የምናስመጣው ከጎረቤላ በታች ካለች መንደር ነው። የሚሸምነው አንድ ገበሬ ሲሆን፣ ጠጉሩን አባዝተው የሚፈትሉለት የሟች ወንድሙ ሚስት ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ማባዘት ማለት የተቋጠረውን ጠጉር በጣት እየፈለቀቁ እስኪሳሳ መዘርዘር ነው። የእትዬ ጣቶች አንጓቸው ሁሉ አብጦ ነበር። አንድ ቀን ባና ልናመጣ አብሮኝ የሄደው የወርክሾፓችን ቴክኒሺያን እነዚያን ጣቶች አየ። ወር ሳይሞላ ከወዳደቀ ብረትና ከብስክሌት ሰንሰለት ማባዘቻ ሠራ፤ ሁለት ጥርሳም በርሜሎች ያሏት፣ በአንድ እጀታ የምትዞር። ጥርሶቹን የነቀላቸው ከአንድ ፋብሪካ ጓሮ ከተጣለ አሮጌ ማሽን ነው። ፕሮፖዛል አልጻፈም፣ አጋር አልፈለገም። ጭኖ ወስዶ ሰጣቸው።

እትዬ እጀታዋን ሁለት ጊዜ አዞሩና «አትበላ፣ አትጠጣ፣ ሰው አታማ። ከምራቴስ ትሻላለች» አሉ።

በግቢያችን ተሠርቶ ለሰው የጠቀመ ሥራ ይህ ብቻ ነው። በየትኛውም ሪፖርታችን ውስጥ ግን አልነበረም።

ከዚያ ትልቅ አጋር ሊመጣ ነው ተባለ። ለማኅበረሰቡ የጠቀመ ምርምር በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ጽሕፈት ቤቱ ተሯሯጠ፤ የሚያሳየው የለውም። አንድ ሰው ስለ ማባዘቻዋ አነሣ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

እንግዳውን መንደሯ ድረስ መውሰድ ይቻል ነበር። ነገር ግን አዳራሹ፣ ባነሩና ሻዩ ያለው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ማባዘቻዋ ሕዝብ እያገለገለች መሆኗን ለማሳየት ከሕዝቡ እጅ ልንወስዳት ወሰንን። ቴክኒሺያኑ አልሄድም አለ። ፒክአፕ ይዤ ሄድኩ።

«ለሦስት ቀን ነው፣ እትዬ።»

«የመንግሥት ሦስት ቀን ነው የኛ ሦስት ቀን?»

«የኛ።»

«አንተ የማን ነህ?»

ሳቅሁ። ማባዘቻዋን በአሮጌ ነጠላቸው ጠቅልለው አስረው ሰጡኝ። «ጥርሷ እንዳይታጠፍ» አሉ። «እንግዲህ ጣቴ እሷ ናት።»

በዕለቱ እንግዳው እጀታዋን ያዘና አዞራት። ባዶዋን ተሽከረከረች፤ ጠጉር ያመጣ አልነበረም።

«በጣም ጥሩ። ምንድን ነው የምትሠራው?» አለ።

ዲናችን «የማኅበረሰቡን ችግር ትፈታለች» አለው።

እንግዳው ራሱን ነቀነቀ፤ ፈረመ፣ ባና ለበሰ፣ ሄደ። የለበሰው ባና ጠጉር የተባዘተው በዚያችው ማሽን ነበር። የነገረው የለም።

በማግስቱ ልመልሳት ስል የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አዲሱን ሰነድ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። በግቢያችን ሰነድ ያነበበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ዘጠነኛው አንቀጽ በትብብሩ የቀረበ ማንኛውም የምርምር ውጤት የሁለቱ ወገኖች የጋራ ንብረት ነው፣ ሁለቱም በጽሑፍ ካልተስማሙ ከግቢ አይወጣም ይላል። ስለ ላቦራቶሪ ዕቃ ከተጻፈ ሌላ ሰነድ ሳላነብ የገለበጥኩት ነው።

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው፣ መምህር?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ታውቀዋለህ።»

ማባዘቻዋ እንድትወጣ የእኛ ወገን ፈረመ። እሱም እንዲፈርም ለአጋራችን ደብዳቤ ጻፍኩ። ፈርሞ የሄደው እንግዳ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ስደውል ያነሣችው ልጅ «ሂደት ላይ ነው» አለችኝ። የምን ሂደት እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁም፤ ያንን ቃል ለሌሎች ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ወር ካለፈ በኋላ እትዬ ራሳቸው መጡ። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም ነበር። ጥበቃው በር ላይ ስላቆማቸው ከቴክኒሺያኑ ጋር ወጣን። ያናገሩት እሱን ነው።

«ልጄ፣ ይቺን ሳትሰጠኝ በፊት ቀስ እያልኩም ቢሆን እሠራ ነበር። አሁን በእሷ ተማምኜ የጎረቤቱን ሁሉ ጠጉር ተቀብዬ ቤቴ ከምሬዋለሁ። ብል ሳይገባበት አባዝቼ ለየባለቤቱ መመለስ አለብኝ። ጣቴ ደግሞ እምቢ ብሏል።»

«ሌላ ልሠራልዎ ፈልጌ ነበር፣ እትዬ። ጥርሱን ከየት ላምጣ? እንደዚያ ያለ የተጣለ ማሽን አላገኘሁም።»

ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበራቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ለካ የመንግሥቱ ኖሯል ሦስት ቀኑ» አሉ። ቀጥለውም «ነጠላዬንስ?» አሉኝ።

ገብቼ ጠየቅሁ። ነጠላዋም ከማባዘቻዋ ጋር ተመዝግባለች።

አሁን ማባዘቻዋ በነጠላዋ እንደተጠቀለለች መጋዘን ውስጥ ተቀምጣለች። እትዬ ጎረቤቶቻቸውን ነገ ዛሬ እያሉ ነው። እኔም ስለ አዳዲስ የትብብር ዕድሎች ለመወያየት ስብሰባ ተጠርቻለሁ።

በአጋራችን ተቋም በዚያ እንግዳ ወንበር አሁን ማን እንደተቀመጠ አላውቅም። ምናልባት ይህን የምታነበው አንተ ነህ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛህ ላይ አለ። አንድ ገጽ ነው፤ ይሄኛውን አንብቤዋለሁ። መምጣት አያስፈልግህም፤ የምናለብስህ ባናም የለም። ፈርመህ ላከው።