አምስተኛው መደርደሪያ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ቻልቱ «ከኮሮና በኋላ ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ ትንሿ የልጅ ልጃችን ክርስትና የተነሣችበት ዓመት ይመስለኛል። ብቻ አዲስ አበባ ውስጥ ያ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ተከፍቶ፣ ቴሌቪዥኑ እሱን አሳይቶ አሳይቶ የማይጠግብበት ወራት ነበር። ይህን አልረሳም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት የወጣሁት መሰላል ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራት የነስሩ እናት ሱቋን ዘግታ ልጇ ዘንድ ቡታጅራ ከገባች ወር አልፏታል። ቤቱን የተከራየችው ሴት የውበት ሳሎን ልትከፍትበት ነውና «አባባ፣ መደርደሪያውን የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ፤ ጣውላው ሳይሰበር ቢያወርዱልኝ» ብላ መጣች። ካቻቢቴና መዶሻዬን ይዤ ሄድኩ። ከላይ ነው የጀመርኩት። ጣራው ሥር ካለው ከአምስተኛው መደርደሪያ ላይ አንዱን ብሎን ፈትቼ ሁለተኛውን ስጀምር፣ የመሰላሉ ስድስተኛ ደረጃ ላይ መቆሜ ታወቀኝ። እንዴት እንደወጣሁ ልብ ብዬ አላየሁም። ብቻዬን ሳቄ መጣ።

ሰው ያለፈውን አውራ ሲባል የወጣትነቱን ነው የሚያወራው። የእኔ ወጣትነት ግን በሃያ ስድስት ዓመቴ እንጭኒ ላይ ከእህል መጋዘን ጣራ ወድቆ እዚያው ቀረ፤ መልሼ ያነሣሁት ጥርሴ ከተነቃነቀ በኋላ ነው። ያኔ ሥራዬ ቆርቆሮ መምታት ነበር። ከአምቦ እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ እንጭኒ ስንት ጣራ ከድኛለሁ! አንድ ማለዳ ሌሊቱን ዘንቦ ባደረ ቆርቆሮ ላይ አንሸራተተኝና ቁልቁል ሄድኩ። የጤፍ ጭድ ክምር ላይ ስላረፍኩ አጥንቴ አልተነካም። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከመሬት ትንሽ ከፍ ካልኩ ጉልበቴ ውሃ ይሆናል፤ ዓይኔ ይጨልማል። ለማንም ሳልናገር ወደ አልጋና ሳጥን ሥራ ዞርኩ። ቻልቱን ያገባኋት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስትጠይቀኝ «ቆርቆሮ ሰለቸኝ» አልኳት። ያቺ ውሸት አርባ ዓመት አብራን ኖረች።

እንግዲህ ቴሌቪዥን እያየን ነው። በፓርኩ መካከል እንደ ጋሪ እግር ያለ፣ ግን ከፎቅ የሚበልጥ የብረት ጎማ ቆሟል። ዙሪያውን የመስታወት ሳጥኖች ተንጠልጥለውበታል፤ በየሳጥኑ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቻልቱ የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና አለች።

«አንተ፣ ከዚያ ላይ ሆኖ ማየት እንዴት ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አንተማ ጣራ ለጣራ ስትዘል የኖርክ ሰው ነህ። እኔ ከአልጋ በላይ ወጥቼ አላውቅም።» ሰፌዱን ከጭኗ አወረደችና «ውሰደኝ» አለች።

ከቻልቱ አፍ «አማረኝ»፣ «ግዛልኝ»፣ «ውሰደኝ» የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። አምስት ልጅ አሳድጋ፣ ቅቤ ነግዳ፣ እናቴን አስታማ ስትቀብር ለራሷ አንድ ነገር አልጠየቀችም። ታዲያ ምን ልበል? «እሺ» አልኩ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ቻልቱ ወንዝ ወርዳም፣ ገበያ ሄዳም የተናገረችው እሱን ነው። የነስሩ እናት ሱቋ ደጃፍ ላይ ሳልፍ ጠራችኝ። ይቺ ሴት ከስልጤ አገር ሙሽራ ሆና አምቦ ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ስኳር፣ ሳሙና፣ ባልዲ፣ ክብሪት፣ የማትሸጠው የለም። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ከልጇ ጋር ደግሞ በስልጥኛ ትጣላለች። ምላሷ ሹል፣ ዓይኗም እንደዚያው።

«ኦቦ ተፈራ፣ አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ! ቻልቱ ሰማይ ልትወጣ ነው አሉ። እርስዎስ?»

«እኔም አብሬያት ነኛ!»

«እርስዎ?» አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሠላሳ ዓመት ጣራዬ ባፈሰሰ ቁጥር ሌላ ሰው የሚልኩልኝ ኦቦ ተፈራ?»

ጆሮዬ ጋለ። ሌላ ደንበኛ መጣና ዘይት መቅዳት ጀመረች። ነገሩ በዚያ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሥራ አለ ብላ አስጠራችኝ። የሱቁ ቤት የድሮ ነጋዴ የሠራው፣ ጣራው ከፍ ያለ ነው። በግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ አምስት መደርደሪያ እንድሠራላት ፈለገች። «ግን በሳምንት አንድ ብቻ። ከታች ይጀምራሉ» አለች።

«የነስሩ እናት፣ መደርደሪያ እንዲህ አይሠራም። ቋሚው ከቆመ በሁለት ቀን አምስቱንም እመታልሻለሁ።»

«ዕቃዬን ሁሉ ጎዳና ላላወጣው? በሳምንት አንድ።»

«አምስተኛውን ሌላ ሰው...»

«ሌላ ሰው አልፈልግም። የእርስዎን እጅ ነው የምፈልገው።»

ቋሚዎቹን መሬት ላይ ገጣጥሜ አቆምኩና የመጀመሪያውን ጣውላ በጉልበቴ ቁመት፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛውን በደረቴ ቁመት መታሁ። ይህ ሁሉ ኅዳር ላይ ነው፤ ጤፉ የሚታጨድበት፣ አየሩ ጥርት ያለበት፣ ጠዋት ጠዋት ከእንጨቱ ሽታ ጋር የሁሉቃ ወንዝ ብርድ የሚገባበት ወቅት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሦስታችን ሱቁ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጉዟችንን እናቅዳለን። መሪያችን የነስሩ እናት ነበረች፤ ዕቃ ለማምጣት መርካቶ ስለምትመላለስ አዲስ አበባን የምታውቀው እሷ ናት። ከገና በኋላ እንሂድ ተባለ። እሑድ ሰው ይበዛል፣ ማክሰኞ ይሁን ተባለ። ቻልቱ የምትለብሰውን ነጠላ ሦስት ጊዜ ቀየረች። ከዚያ የዳቦው ነገር መጣ።

«ድፎ ዳቦ እጋግራለሁ» አለች ቻልቱ።

«ለስንቅ ነው?» አልኳት።

«ለስንቅ አይደለም፣ ለባለቤቶቹ ነው እንጂ። ሰው አዲስ ቤት ከፍቶ ባዶ እጅ ይኬድበታል እንዴ?»

የነስሩ እናት በሳቅ አግዳሚውን መታችው። «ያ ሁሉ ብረት የማን ቤት መሰለሽ? በሩ ላይ ቆመሽ ማንን ልትጠሪ ነው?»

«የሚቀበለኝን። ሰው የሌለበት በር አለ?»

እሷን ማን ይመልሳታል! ዳቦው ተወሰነ።

ሦስተኛው መደርደሪያ ከራሴ በላይ ነበርና የለስላሳ ሳጥን ደፍቼ ቆምኩበት። ላብ አጠመቀኝ፤ የነስሩ እናት ግን ወሬዋን አላቋረጠችም። አራተኛው ላይ መሰላል መጣ። እሷ ታች ሆና በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ሦስተኛዋን ደረጃ ስረግጥ መሰላሉ ተንገጫገጨ።

«ኦቦ ተፈራ፣ መሰላሉ ነው ወይስ እግርዎ?»

«መሰላሉ ነው።»

«እኔ ይዤው? እንግዲያው እግርዎን ይንገሩት።»

በአምስተኛው ሳምንት ስድስተኛዋ ደረጃ ላይ ደረስኩ። ጣውላውን አስቀምጬ ውሃ ልኩን ሳስተካክል ዓይኔ ወደ ታች ሸሸና ወለሉ መዞር ጀመረ። ግድግዳውን አቀፍኩት። መውረድም መውጣትም አቃተኝ። እሷም አወቀች፤ ድምፅዋን ግን አልቀየረችም።

«ከጎንዎ ትንሽ መስኮት አለች አይደል? እኔ ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት ስኖር እሷ ድረስ ወጥቼ አይቼ አላውቅም። ምን ይታያል?»

«ምን... ምንም።»

«ኤዲያ፣ ምንም የማይታይበት መስኮት ማን ይሠራል? ይንገሩኝ እንጂ!»

አንገቴን አዞርኩ። «ቆርቆሮ ይታያል» አልኩ። «የማነው?» «የወፍጮ ቤቱ። ዝጓል።» «ከሱ ወዲያስ?» «ባሕር ዛፍ። ጋሪዎች ቆመዋል፤ አንዱ ፈረስ ግራጫ ነው።» «ከሱስ ወዲያ?» «ወደ ጉደር የሚወስደው መንገድ። ከዚያ ተራራው።» እንዲህ እያልኩ ስናገር ትንፋሼ ተመለሰ። ወለሉም መዞሩን ተወ። አምስተኛውን መደርደሪያ መትቼ ወረድኩ። እሷ መሰላሉን አጣጥፋ፣ ስለ ሥራው አንዲት ቃል ሳትናገር ሳሙና መደርደር ጀመረች።

ከገና በኋላ በነበረው ማክሰኞ በማለዳ ሄድን። ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ የቻልቱ ጭን ላይ ነው፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሽታው እየረበሸው ዞር ዞር ይላል። ጊንጪ ስንደርስ የሽምብራ እሸት የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። ጥቁሩ መሬት እስከ ዓይን ዳርቻ አረንጓዴ ነበር።

የፓርኩ በር ላይ ጠባቂዋ ዳቦውን አየችና «እማማ፣ ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም» አለች።

«ምግብ አይደለም ልጄ። እንኳን ከፈታችሁ ልላችሁ ነው ያመጣሁት። ለእናንተ ነው።»

ጠባቂዋ ጓደኞቿን ጠራች። ቻልቱ እዚያው ቆማ በኦሮምኛም በአማርኛም መረቀቻቸው፤ «ደጃችሁ ሳቅ አይጥፋበት፣ ብረቱ አይክዳችሁ» አለች። አራት ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አሜን ሲሉ፣ የነስሩ እናት አፏን በሻሿ ይዛ ነበር። የምትስቅ መስሎኝ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዳቦው እዚያው ተቆረሰ፤ አንድ ቁራሽ ለመንገዳችን መልሰው ሰጡን።

ስለ ፓርኩ ምን ልበል! እኔ የእጅ ሥራ የማውቅ ሰው ነኝና ዓይኔ የሄደው ወደ ብረቱ ነው። ብየዳው እንደ ልብስ ስፌት የተካከለ፣ ብሎኖቹ የጡጫ ያህል፣ ያን ሁሉ ክብደት አንድ ዘንግ ተሸክሞት ድምፅ እንኳ የለውም። ይህን ያሰበ ጭንቅላት፣ ይህን የገጠመ እጅ ይባረክ አልኩ። ጎማው ሥር ስንደርስ የነስሩ እናት ቆመች።

«እናንተ ውጡ።»

«አንቺስ?» አለች ቻልቱ።

«እኔ? አላህ ይጠብቀኝ! እኔ ከመሬት አንድ ክንድ አልለቅም። ለሙሽርነቴ በቅሎ ላይ ሲያስቀምጡኝ ያለቀስኩ ሰው ነኝ።»

እንዲህ ያለ ፍርሃት እንዳላት የዚያን ቀን ሰማሁ።

ሳጥኑ ከመሬት ሲለቅ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንጭኒ፣ እርጥቡ ቆርቆሮ፣ ያ መንሸራተት፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። ቻልቱ እጄን ይዛ «በረደህ እንዴ?» አለች። ያን ጊዜ በጆሮዬ «ምን ይታያል?» የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ዓይኔን ገለጥኩ።

«ቆርቆሮ ይታያል» አልኩ። «ከሱ ወዲያ ዛፍ። ከዛፉ ወዲያ ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ሠራተኞቹ ጣራ ላይ ናቸው። ከሱ ወዲያ ተራራ።»

ቻልቱ ጣቴን ተከትላ እያየች «ዋቀዮ! ዋቀዮ!» እያለች ፈጣሪዋን ትጠራለች። ፊቷ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ጎማው ትንሽ ቆመ፤ እኔም ወደ ታች አየሁ። የነስሩ እናት እንደ ጉንዳን ሆና ትታያለች። የጎማውን አጥር ብረት በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች፤ ልክ እንደ መሰላሉ።

ስንወርድ እጇ ብረቱን አልለቀቀም ነበር። ቻልቱ መነጽሯን ስትጠርግ የነስሩ እናት ወደ እኔ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይዤልዎት ነበር» አለችኝ። አምስቱ ሳምንት፣ አምስቱ መደርደሪያ ለማን እንደተሠራ ያን ጊዜ ገባኝ። ለሳሙናው አልነበረም።

ስንመለስ ጊንጪ ላይ መኪናው ሲቆም ለቻልቱ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንጭኒን፣ ጭዱን፣ የአርባ ዓመቱን ውሸት። ሽምብራዋን እየፈለፈለች ሰማችኝ።

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

«ውሰደኝ ስላልሽኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ቆይታ ያችን የተረፈች የዳቦ ቁራሽ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

ባለፈው ሳምንት መሰላሉን ማንም አልያዘልኝም። ከአምስተኛው መደርደሪያ ጎን ባለችው መስኮት አየሁ፤ ወፍጮ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፣ በጋሪዎቹ ቦታ ባጃጅ ቆሟል፣ ተራራው እንዳለ ነው። ሳላውቀው ጮክ ብዬ ተናግሬ ኖሮ ተከራይዋ ከታች «ምን አሉኝ አባባ?» አለች። «ምንም፣ የሚታየውን ነው» አልኳት። ጣውላዎቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። አምስተኛውን ግን ለምኜ ቤቴ ወሰድኩት።

ሠላሳ ዓመት በልጇ ስም ጠራናት፤ የራሷን የጠየቃት የለም። የሄደች ዕለት በስኳር ካርቶን ቁራጭ ላይ የስልክ ቁጥሯን ጻፈችልን። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ ፊደል በፊደል ነው የማነበው። ከቁጥሩ በላይ የጻፈችውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ዘይነባ ይላል።